ሽቅብ ተስሎ ቁልቁል የደረሰ ስለት

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልከበረበትም። አንዲት እናት አንድ ጃንጥላ ይዛ አንድ ሐይቅ ተሻገረች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ክፍላችን ውስጥ ከባሕር ዳርና ከሐዋሳ የመጡ ልጆች አሉ። ለእነሱ ሐይቅ ማለት ከሰዓት በኋላ ዳር ዳሩን ወክ የሚያደርጉበት ቦታ ነው። ይህን ባወራላቸው "እና ከዚያስ?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከዚያማ ምንም የለም። ቢሆንም ያቺ እናት የእኔ ናት፤ ሐይቁን የተሻገረችውም በእኔ ምክንያት ነው። ሌላ ሰው የማይጽፈው ከሆነ እኔ ብጽፈው የሚጎዳ አይመስለኝም።

ሰፈራችን ቀጨኔ ነው፤ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ሽቅብ ከሚወጡት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ላይ። እኛ ሰፈር አቅጣጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ላይና ታች። ላይ እንጦጦ ነው፣ ታች ከተማው ነው። መንገድ ለጠየቀን ሰው "ትንሽ ወደ ላይ ከፍ በል" ወይም "ወደ ታች ወረድ ብለህ ጠይቅ" እንላለን እንጂ ቀኝና ግራ ብዙም አንጠቅስም። ትንሽ ልጅ ሆነን አስተማሪያችን "ሰሜን የት ነው?" ሲለን ክፍሉ በሙሉ ሳያስብ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ጠቆመ። አልተሳሳትንም። ተራራው ባለበት ሰሜን ነው ብለን አደግን፤ ጉለሌ ውስጥ እስካለን ድረስ ይህ እውቀት አሳስቶን አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያንም ለሰፈራችን ሰው ላይ ነው። ታች በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሳለ ከበድ ያለ ጉዳይ ያለበት ሰው እንጦጦ ይወጣል። ጉልበቱ የሚያመው እየተቀመጠ፣ ደህናው በአንድ ትንፋሽ፣ ብቻ ይወጣል። ላብ ያልወጣበት ጸሎት ሰፈራችን ውስጥ ግማሽ ጸሎት ነው።

ተራራው ግን ክረምት ሲገባ ውሃውን ወደ እኛ ይልካል። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ የምንሻገራት ቀጭን ወንዝ በሐምሌ ቡናማ ሆና እያጓራች ትወርዳለች። እናቴ ልጅ ሳለች ከዳቦ ቤት ስትመለስ ይህች ወንዝ ከድንጋዩ ላይ አንሸራታ ወስዳት ነበር። አንድ የሰፈር ሰው ሻርፗን ይዞ ነው የጎተታት። ዳቦው ሄደ፣ እሷ ቀረች። ከዚያ ወዲህ እናቴ በበጋም ቢሆን ያቺን ወንዝ በድንጋዩ ላይ ተሻግራ አታውቅም። ድልድዩ ድረስ ዞራ ትሄዳለች። "ምናለ እማዬ፣ ቁርጭምጭሚት እንኳ አትደርስም" ስላት፣ "አንቺ አታውቂያትም" ትለኛለች፤ ስለ አንዲት ክፉ ጎረቤት የምታወራ ያህል።

ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። እናቴ ነጠላ ትቋጫለች። ሸማኔዎቹ ሠርተው የሚያመጡላትን ነጠላ ጭኗ ላይ ታነጥፍና ጫፉ ላይ የቀሩትን ክሮች ጥንድ ጥንድ አድርጋ ትገምዳለች፤ ከዚያ ታስራቸዋለች። ስትቋጭ እጇን አታይም። ዓይኗ በር ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ እኔ ላይ ነው። ጣቶቿ ብቻቸውን ይሠራሉ። ልጅ ሆኜ ጣቶቿ የራሳቸው ዓይን ያላቸው ይመስለኝ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን፣ እዚያው እያደርን ነው የተፈተንነው። አውቶብሱ ሲወስደን እናቶች አጥር ተደግፈው ቆመው ነበር። ከእናቴ ጎን የቆመችው ጎረቤታችን ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጣት እናቴም እኔም እትዬ ነው የምንላት። እትዬ ወንጪ የሚባል ቦታ ተራራ ላይ፣ ጫካ መሀል ስላለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለእናቴ ደጋግማ ነግራት ነበር። የራሷ ልጅ ታሞ እዚያ ተስላ ድኖላታል። እናቴ አውቶብሱ ከዓይኗ ሳይጠፋ እዚያው አጥሩ ሥር ተሳለች። "ልጄ ካለፈችልኝ የከፋይ ጃንጥላ ይዤ፣ በእግሬ ሽቅብ ወጥቼ፣ በገዛ እጄ አስረክባለሁ" አለች። እትዬ አሜን አለች።

አለፍኩ። ከትምህርት ቤታችን ያለፍነው ጥቂት ነበርን። እናቴ ውጤቱን ስልኬ ላይ ስታይ አላለቀሰችም፣ እልልም አላለችም። ነጠላዋን አጣጥፋ ተነሣችና ከፋይ ልትገዛ ወጣች።

ጃንጥላውን ሠርታ ለመጨረስ ወራት ፈጀባት፤ የሸማኔዎቹን ሥራ ሳታቋርጥ በትርፍ ጊዜዋ ነበር የምትሠራው። ከፋዩ ቀይ ነው። ዙሪያውን የሚንጠለጠለውን ወርቃማ ዘርፍ ራሷ ገመደችው። ሲያልቅ በነጭ አንሶላ ጠቅልላ ከበሩ ኋላ አቆመችው። የአንደኛው ሴሚስተር ፈተና አልቆ ዕረፍት ሲሆን፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ ልናደርስ ተነሣን።

እኔ ደግሞ ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። የጂኦግራፊ መምህራችን ደንና ተራራ፣ ቢቻል ውሃም ያለበትን አንድ አካባቢ አጥንተን በካርታ አስደግፈን እንድንጽፍ አዞን ነበር። ወንጪ እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ እንደሆነ፣ አናቱ ሰርጉዶ ሐይቅ እንደያዘ አነበብኩ። ለእናቴም ነገርኳት።

"እና አናቱ የት ሄደ?" አለችኝ።

"ወደ ውስጥ ወደቀ ነው የሚሉት፤ ተንዶ።"

"ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሠራ ነው የተናደው ወይስ ከተሠራ በኋላ?"

"እማዬ፣ በጣም ድሮ ነው። ሰውም አልነበረም።"

"ይሁን። ሐይቁ ታች ነው አይደል? እኛ ላይ ነን፤ አንገናኝም" አለችና ነገሩን ዘጋችው። እኔም አንገናኝም ብዬ አመንኩ። በስልኬ ካርታ ላይ ሰማያዊው ውሃ መሀል አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አይቻለሁ። ግን ቤተ ክርስቲያን እዚያ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። የቀጨኔ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሲፈልግ ውሃ መሀል አያይም።

አስኮ መናኸሪያ ለመድረስ ታክሲ ያዝን። ጃንጥላው ረጅም ስለሆነ ከኋላ ወንበር እስከ በሩ ድረስ ተጋደመ። ረዳቱ አየውና፣

"ማዘር፣ ይሄኛውም ሂሳብ ይከፍላል" አለ።

"ይሄ የእግዚአብሔር ነው።"

"ይሁና፣ እግዚአብሔርም ቦታ ከያዘ ይከፍላል።"

"እንግዲያውስ ሂሳቡን ከእሱ ተቀበል" አለችው። ታክሲው ሙሉ ሰው ሳቀ። ረዳቱም ራሱ ሳቀና ስንወርድ ጃንጥላውን ተሸክሞ አወረደልን።

በአምቦ መንገድ ቡራዩን እንዳለፍን ገፈርሳ አለ፤ ለከተማው የሚጠጣ ውሃ የሚጠራቀምበት ግድብ። መንገዱ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ውሃው በጠዋት ፀሐይ ብርማ ሆኖ ተኝቶ ነበር። እናቴ ጃንጥላውን በሁለት እጇ አቅፋ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እስክናልፈው ድረስ የጃኬቴን ዚፕ ስታይ ቆየች። እኔ ደግሞ ስታይ አየኋት።

አምቦ ደርሰን ሌላ መኪና ይዘን ወደ ተራራው መውጣት ጀመርን። ከፍ ባልን ቁጥር እርሻው እየሳሳ፣ ብርዱ እየጨመረ ሄደ። ቤቶቹ ዙሪያ ሰፋፊ ቅጠል ያለው እንሰት ቆሟል። ወንጪ ስንወርድ ግን ምንም አይታይም። ጉም ነው። ከፊታችን ያለው አጥር እንኳ ግማሹ ብቻ ነበር። ሾፌሩ "በዚህ ነው" ብሎ በእጁ ወደ ጉሙ ጠቁሞ ሄደ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "በየት ነው ልጄ? አንቺ ነሽ የተማርሽው።"

ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ወረቀት ላይ የሳልኳትን ካርታ አወጣሁ። ካርታ ለማንበብ ሰሜንን ማግኘት ያስፈልጋል። ቀና ስል በጉሙ መሀል በስተግራችን ጥቁር የተራራ ትከሻ ታየኝ። ተራራ ካለ ሰሜን እዚያ ነው። ካርታዬን ወደዚያ አዞርኩት፤ ሁሉም ነገር ልክ መሰለኝ። እናቴ ደግሞ ካርታም አላስፈለጋትም። ከፍ ያለውን አይታ "በቃ፣ ላይ ነዋ" አለች።

ወጣን። መጀመሪያ የድንች ማሳ ነበር፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ደን። እንጦጦ ላይ የለመድኩት ባሕር ዛፍ አይደለም። አስታ ነው፤ ግንዱ ጠማማ፣ ቅጠሉ እንደ መጥረጊያ ጭራሮ የደቀቀ፣ ከቅርንጫፉ አረንጓዴ ሽበት የሚንጠለጠልበት። አልፎ አልፎ ጽድና ኮሶ አለ። መሬቱ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ እግር ሲረግጠው ድምፅ አያሰማም። የምንሰማው የራሳችንን ትንፋሽ ብቻ ነበር። እናቴ ጃንጥላውን ላግዝሽ ብላት እምቢ አለች። ለመቋጨት ተቀምጣ ስለምትውል ጉልበቷን ያማታል፤ አንዳንዴ ዛፍ ተደግፋ ትቆምና "ልክ እንደኛው ነው" ትላለች ዳገቱን። ደስ ብሏት ነበር። የተሳለችው ይህንን ነው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ግን ቤተ ክርስቲያን የለም። ደንና ጉም፣ ሌላ ምንም የለም። ትንሽ እንደቆምን ከዛፎቹ መሀል ፈረስ የሚስብ አንድ ሽማግሌ መጣ፤ ብርድ ልብስ ተከናንቧል። የእናቴ እናት የሱሉልታ ሰው ስለነበረች እናቴ ኦሮምኛ ትችላለች። ሰላምታ ሰጠችው፤ እሱም ረጅም ሰላምታ መለሰ፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ቀጥሎ የተባባሉትን እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ ልጻፈው።

"ወዴት ናችሁ?"

"ቤተ ክርስቲያን። ስለት ይዘን።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አይደለም እንዴ?"

ሽማግሌው ፈረሱን አየ፣ ፈረሱም እሱን ያየው መሰለኝ። "እናንተ አገር ላይ ነው የሚሠራው? እኛ አገር ታች ነው።"

በዚያው ቅጽበት ማለት አልችልም፤ ትንሽ ቆይቶ ነው። ነፋስ መጣና ጉሙ ከሥራችን መነሣት ጀመረ። መጀመሪያ የተቃራኒው ተራራ ጫፍ ወጣ፤ ከዚያ የደኑ ወገብ፣ ከዚያ የእንሰቱ ማሳና ጎጆዎቹ፣ በመጨረሻ ከሁሉም በታች ውሃው። በዙሪያው ተራራ ነው፤ በሁሉም በኩል። ካርታዬን በእጄ እንደያዝኩ ክብ ዞርኩ። ወደ የትም ባየሁ ተራራ አለ። በእኛ ሰፈር ሒሳብ ሁሉም ሰሜን ነው። ተራሮቹ ያቀፉት ሐይቅ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጧል። መሀሉ ላይ ዛፍ የለበሰች ደሴት አለች፤ ከዛፎቹ መሀል አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል።

ሽማግሌው በዱላው ጠቆመ። "ያቻትና።"

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ጃንጥላውን ሣሩ ላይ አስተኝታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"በምንድን ነው የሚኬደው?" አለች በአማርኛ፤ ለማንም አይደለም።

"በጀልባ ነዋ" አለ ሽማግሌው፤ አማርኛ ያውቅ ኖሯል።

ለማጽናናት ብዬ "ሽቅቡን እንኳ ወጥተሻል እማዬ" አልኳት። "ስለትሽ 'ሽቅብ ወጥቼ' አይደል የሚለው? ባንሳሳት ኖሮ ይሄን ዳገት አንወጣውም ነበር።" አየችኝ። ልትስቅ ነበር፤ ዓይኗ ወደ ውሃው ተመለሰና ተወችው።

ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ረጅም ነው፤ በእንሰትና በገብስ መሀል፣ በትናንሽ ምንጮች ላይ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ባለ ጀልባ ሰው ይጠብቃል። ሌሎች ሁለት ምዕመናን ተሳፍረዋል። እናቴ እስከ ውሃው ጠርዝ ሄደች። አንድ እግሯን አነሣችና ጀልባው ውስጥ አደረገች። ጀልባው ትንሽ ዘመመ። እግሯን አወጣች።

"እናቴ፣ አይዞሽ" አላት ባለ ጀልባው። "ይሄ ወንዝ አይደለም፤ ማንንም ይዞ አይሄድም። ቁጭ ያለ ውሃ ነው።"

"ቁጭ ያለው ነው የሚያስፈራው" አለችው። "የሚሮጠውስ ሐሳቡ ይታወቃል።"

"እኔ ላድርስልሽ?" አልኳት።

"አንቺ አልተሳልሽም።"

"አባ ይምጡና እዚህ ይቀበሉሽ?"

"እዚህ አልተሳልኩም።"

ጀልባው ያለ እኛ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። እናቴ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደሴቲቱን ስታይ ዋለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ስታዘነብል "የመጨረሻው መኪና ያመልጠናል" ብላ ተነሣች። ጃንጥላውን ይዘን ተመለስን።

ሲመሽ ከአምቦ የተሳፈርንበት አውቶብስ ሰፊ ስለነበር ጃንጥላውን ከላይ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። እጇ ባዶ ሲሆንባት ከዘንቢሏ ያልተቋጨ ነጠላ አወጣች። ሥራ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። እንደ ልማዷ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ መቋጨት ጀመረች። ገፈርሳ ደረስን። የመጨረሻው ብርሃን ውሃው ላይ ነበር። እናቴ ቀጥ ብላ ታየዋለች፤ ጣቶቿም ይገምዳሉ፣ ያስራሉ። ፊቷን አላዞረችም። እኔም ይህን አየሁ። በዚያ ሰዓት ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጃንጥላው ከበሩ ኋላ ቆመ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንሶላው ይንሿሿል። እትዬ ስትመጣ እናቴ ቀጥ ብላ ጠየቀቻት።

"እትዬ፣ ውሃ መሀል መሆኑን ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ትሳዪ ነበር?"

"አልሳልም።"

"ካልተሳልሽ ልጅሽ ታልፍ ነበር?"

እትዬ አሸንፋ ወጣች። እኔ በበኩሌ ማጥናቴም ትንሽ ሳይረዳ አልቀረም ለማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀመረ። ጽሑፌን አስረከብኩ። ስለ አስታው፣ ስለ ጥቁሩ አፈር፣ ጉሙ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ስለመገለጡ ጥሩ አድርጌ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። መምህሩ ካርታዬን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ። የወጣነውን ጉብታ ከሐይቁ በስተሰሜን ነበር የሳልኩት። ጉብታው ግን በስተምሥራቅ ነው። "ሰሜን የተራራ ስም አይደለም" አለ። ክፍሉ ሳቀ። "ከየት ነሽ?" አለኝ። "ከቀጨኔ" ስለው እሱም ፈገግ አለ። "ገባኝ፤ እንጦጦን ይዘሽ ነው የሄድሽው።" ውጤቴም ከሌሎቹ ትምህርቶች ዝቅ አለ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ለእሷ ካርታው አይደለም ጉዳዩ። "በእኔ ነው" አለች። "ይዤ ተቀመጥኩበት፤ ያሳለፈሽ እግዚአብሔር ሲያይ ምን ይላል?" ስለ አቅጣጫ ባስረዳት ባስረዳት ከጃንጥላው ዓይኗን አላነሣችም። የነፍስ አባቷን ልታማክር ሄደች። ይዛው የመጣችው መልስ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። "ስለት የልብ ነው፤ ብትችዪ አድርሺ፣ ካልቻልሽ ልጅሽ ታድርስልሽ" ብለዋት ነበር።

"እና ጥሩ መልስ ነው እኮ እማዬ።"

"ካልቻልሽ አሉኝ" አለች። ነጠላውን አንሥታ ከወትሮው በላይ አጥብቃ መቋጨት ጀመረች።

ክረምቱ ገባ። ወንዟ ሞላች። እናቴ ድልድዩን እየዞረች ወደ ሸማኔዎቹ ትሄዳለች፤ ካፖርቷ ረጥቦ ትመለሳለች። አንድ ቀን እሷ እየቋጨች፣ እኔ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ ገፈርሳ ትዝ አለኝ።

"እማዬ፣ ከወንጪ ስንመለስ ገፈርሳን አይተሽው ነበር?"

"አይቼዋለሁ።"

"ስንሄድ ግን ፊትሽን አዙረሽ ነበር።"

"ስንመለስ እጄ ሥራ ይዞ ነበራ" አለች እንደዋዛ።

ከዚያ ጣቶቿ ቆሙ። ወደ ታች፣ ወደ እጆቿ አየች። ስትቋጭ እጇን ስታይ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ማታ እራት እየበላን "አዲሱ ዓመት ይህን ጃንጥላ እዚህ ቤት አያገኘውም" አለች።

ቀኑን ራሷ መረጠች፤ የጳጉሜን ሩፋኤልን። በዚያ ቀን ሰማይ ይከፈታል ይባላል፤ የሚዘንበውም ጠበል ነው። የሰፈራችን ልጆች በሸሚዝ ብቻ ወጥተው ዝናቡ ውስጥ ይጨፍራሉ፤ ትልልቆቹም ከደጃፍ እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ያብሳሉ። "ውሃው ሁሉ የተባረከ ከሆነ በዚያ ቀን ነው የሚሻለኝ" አለች። ከሸማኔዎቹ ወፍራም ጥለት ያለው፣ ሁለቱም ጫፉ ያልተቋጨ ነጠላ ይዛ መጣችና ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። እትዬም "መጨረሻውን ሳላይማ አልቀርም" ብላ አብራን ተነሣች።

በዚህኛው ጉዞ ዳገት አልወጣንም። ወንጪ ደርሰን በቀጥታ ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ እትዬ በየሁለት እርምጃው መላእክትን ትጠራለች። ሐይቁ ከየካቲቱ ሞልቶ ግራጫ ሆኗል። ያው ባለ ጀልባ ነበር። እናቴን አየና አስታወሳት።

"ያቺ የጃንጥላዋ እናት! ዛሬስ?"

"ዝም ብለህ ያዝልኝ" አለችው፤ ጀልባውን ማለቷ ነው።

ጃንጥላውን በፕላስቲክ ጠቅልለን እኔ ያዝኩት። እትዬ አስቀድማ ገባች። እናቴ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ወዲያው ነጠላውን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ጀልባው ከዳር ሲላቀቅ ከንፈሯ ነጣ። ጣቶቿ ግን የመጀመሪያዎቹን ክሮች አግኝተዋል። መገመድ ጀመረች። ዓይኗ ደሴቲቱ ላይ ነው፤ ውሃውን አታይም፣ እጇንም አታይም። ባለ ጀልባው ይቀዝፋል፣ እሷ ትቋጫለች። መሀል ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። እትዬ እጇን ዘርግታ ፊቷን አበሰች፤ "ተከፈተ፣ ተከፈተ" አለች። የእናቴ ነጠላ እየረጠበ ነው፤ ክሩ ሲረጥብ ጣት ላይ ይጣበቃል። አላቋረጠችም። እኔ የማየው ሐይቁን አይደለም፤ የተቋጨው ጫፍ እንዴት እየረዘመ እንደሚሄድ ነበር።

ጀልባው ጭቃ ነካ። እናቴ የመጨረሻውን ቋጠሮ አስራ ቀና አለች። "ደረስን እንዴ?" አለች፤ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት የነቃ ሰው ይመስል።

ጃንጥላውን ከእጄ ተቀበለችኝ። በዛፎቹ መሀል አጭር ዳገት አለ፤ ይህንንም በእግሯ ወጣችው፣ ለማረፍም አልቆመችም። አንድ አዛውንት ቄስ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተቀበሏት። ፕላስቲኩን ገለጥን፣ አንሶላውን ገለጥን። ቄሱ ጃንጥላውን ካፊያው ውስጥ ዘረጉት። ቀዩ ከፋይ ተከፈተ፣ ወርቃማው ዘርፍ ዙሪያውን ተወዛወዘ።

"ስለቱ የምን ነበር?" አሏት።

"የዚህች ልጅ፣ አባቴ። በእግሬ ሽቅብ ወጥቼ ላስረክብ ነበር የተሳልኩት። ያውም ከላይ ያለ መስሎኝ።"

"ታዲያ አልወጣሽም?"

"ወጥቻለሁ። በየካቲት፤ ያኛው ላይ" ብላ ከዛፎቹ በላይ ጉም ውስጥ ያለውን ጉብታ አሳየቻቸው።

ቄሱ ጉብታውን አዩት፤ ጃንጥላውን አዩት። "እንግዲህ ረጅሙን መንገድ ነው የመጣሽው" አሏት። "ይቀበልሽ።"

እናቴ የዚያን ጊዜ አለቀሰች። ብዙ አይደለም። ቆማ፣ ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ፣ እሱን ሳትጠርግ።

ስንመለስ ጀልባው ዳር እትዬ ክንዴን ያዘችኝ። "አሁንስ ምን ትሠራለች? ነጠላው ተቋጨ እኮ!" አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። እናቴ ሰምታን ኖሮ ዞረች።

"እትዬ፣ ነጠላ ስንት ጫፍ ነው ያለው?"

ገባች፣ ተቀመጠች፣ ነጠላውን ጭኗ ላይ አዞረችና ሁለተኛውን ጫፍ ጀመረች። መሀል ላይ ግን አንድ ጊዜ፣ ጣቶቿ ሳይቆሙ፣ ዓይኗን ወደ ውሃው አወረደች። ውሃው ላይ ዝናቡ ትናንሽ ክብ እየሠራ ነበር። አየችው። ከዚያ ወደ ተራራው ቀና አለች።

ያንን ነጠላ ለሸማኔው ዋጋውን ከፍላ አስቀረችው። አሁን ራሷ ትለብሰዋለች። ቋጠሮው እርጥብ ሆኖ የታሰረ ስለሆነ ከሌሎቹ ሁሉ ይጠብቃል፤ ብትፈልግም አይፈታም።

ስለቱ የደረሰው ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።